ለተቆጣጣሪ የተረጨ ውሃ

አማርኛችን አቧራን ክፉኛ አይወቅሰውም። ጭፈራ ሲደራ «አቧራው ጨሰ!» እንላለን፤ ደስ ብሎን ነው። ሰው ነገር ሲቆሰቁስ «አቧራ አስነሳ» ይባላል፤ ጥፋተኛው ሰውዬው እንጂ አቧራው አይደለም። መደርደሪያ ላይ ተረስቶ የቀረ ጉዳይ «አቧራ ጠጥቷል» ይባላል፤ በቋንቋችን አቧራ የሚጠጣው ፋይል ነው፣ ሰው አይደለም። ከገጠር የመጣ ዘመድ ቅንድቡ ነጥቶ ሲገባ እንስቅና የሚታጠብበት ውሃ እናቀርብለታለን። አለቀ። በዚህ ሁሉ አነጋገር ውስጥ አቧራ ሰው ሲገድል አይታይም። ገዳይ ሲባል የምናውቀው ጥይትን፣ ወባን፣ መኪናን ነው። አቧራማ የቤት እመቤት ጠላት ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል፣ ነገ ይመለሳል።

ዛሬ የማወራችሁ ስለሚገድለው አቧራ ነው። ይበልጥ ደግሞ «እንቆጣጠረዋለን» ስለምንለው ስለ እኛ ነው። ወሬዬ የሚነሳው ከጣርማበር ቁልቁለት ነው፤ አሜሪካ ደርሶ ይመለሳል። ታገሱኝ።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የተጓዘ ሁሉ ጣርማበርን ያውቃታል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን በቆፈረው ዋሻ ሾልከው ሲወጡ ምድር ከእግርዎ ሥር ትከዳለች። መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያ ወደ አርማንያ፣ ከዚያ ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳል። ሸዋሮቢት ሲደርሱ ከፍታው 1,280 ሜትር ገደማ ነው። ማሽላና ማሾ የሚበቅልበት፣ ማንጎ የሚበላበት፣ ጥላ የሚፈለግበት አገር። ጣርማበር ላይ ጋቢ ደርቦ የነበረ ተሳፋሪ እዚህ ሲደርስ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል። ከላይ እስከ ታች ቢያንስ 1,700 ሜትር ቁልቁለት ነው።

ሰው ይህን ቁልቁለት በልብሱ ይለካዋል። መኪና ግን የሚለካው በፍሬኑ ነው። ድሮ ኤንትሬ ፊያት፣ ቀጥሎ «አልቃይዳ» የሚል ስም የወጣለት አይሱዙ፣ ከዚያ «ቀይ ሽብር» የተባለው ሲኖትራክ፣ ሁሉም ጭነቱን ተሸክሞ በዚያ ጥምዝምዝ ሲወርድ የፍሬን ሸራው ከታምቡሮው ጋር ይፋተጋል። ብልህ ሾፌር በማርሽ ይወርዳል፤ የቸኮለው በፍሬን ይወርዳል። ሸዋሮቢት ላይ ጎማው አካባቢ የሚሸተው የተቃጠለ ነገር የዚያ ፍትጊያ ውጤት ነው። ስለዚህ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ጋራዥ፣ ጎሚስታና የመለዋወጫ ሱቅ ቢኖር አይገርምም። ቁልቁለቱ ራሱ ደንበኛ ያመጣላቸዋል።

ከነዚህ ጋራዦች በአንዱ ደጃፍ ቆሜ አንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲሠራ አይቻለሁ። የማንም ስም አያስፈልግም፤ ሌላም ከተማ ብትሄዱ ያው ነው። የጭነት መኪናው የኋላ ጎማ ወልቋል። ታምቡሮው ተነቅሎ መሬት ላይ ተቀምጧል፣ ውስጡ ጥቁር ግራጫ ዱቄት ሞልቷል። አሥራ ስድስት ዓመት ቢሞላው የሚገርመኝ ልጅ የኮምፕሬሰሩን ቱቦ ደገነበትና ነፋው። ጋራዡ ለአፍታ ጠፋ። ዱቄቱ ጋብ ሲል ልጁ ሽፋሽፍቱ ድረስ ግራጫ ሆኖ ቆሟል። ቀጥሎ አዲስ ሸራ ከካርቶን አወጣና ከታምቡሮው ልክ እንዲገጥም በግራይንደር ይሞርደው ጀመር። ሁለተኛ ደመና።

«ይሄ ዱቄት ምንድን ነው?» አልኩት።

«ሸራ ነዋ ጋሼ። የተበላ ሸራ።»

«አይጎዳህም?»

«ለምጄዋለሁ።»

አሠሪው ከመኪናው ሥር ሆኖ ሰማንና ራሱን ብቅ አደረገ። «አይስጉ ጋሼ፣ ወተት እንገዛላቸዋለን። ወተት ያጥበዋል» አለኝ። ከልቡ ነው። ክፉ ሰው አይደለም።

ወተት! የአገራችን የሥራ ደኅንነት ታሪክ ቢጻፍ ለወተት አንድ ምዕራፍ መስጠት ግድ ነው። ቀለም የሚረጨው ወተት፣ ማተሚያ ቤት የሚሠራው ወተት፣ ባትሪ የሚሞላው ወተት፣ ስሚንቶ የሚያራግፈው ወተት። ላሚቱ ሳታውቀው የአሠሪውንም የመንግሥትንም ኃላፊነት ተሸክማ ትኖራለች። ወተት ደግ ምግብ ነው፤ ልጁ ቢጠጣው ደስ ይለኛል። ግን ወተት የሚወርደው ወደ ሆድ ነው፣ አቧራው የሚወርደው ወደ ሳንባ ነው። ሁለቱ ጉሮሮ ላይ ይለያያሉ፣ ዳግም አይገናኙም።

ታዲያ ሸራው ውስጥ ምን ቢኖር ነው ይህን ያህል የሚያስጨንቀው? አስቤስቶስ። አስቤስቶስ ከዐለት የሚወጣ ማዕድን ነው። ከሌላው ማዕድን የሚለየው እንደ ጥጥ ወደ ቀጫጭን ክር መሰንጠቁ ነው። እሳት አይበላውም፣ ሙቀት አያሳልፍም፣ ፍትጊያ ይችላል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። ለዚህ ነው ሃያኛው ክፍለ ዘመን በጣሪያ ክዳን፣ በውሃ ቧንቧ፣ በቦይለር መጠቅለያና በፍሬን ሸራ ውስጥ የከተተው። ከድሮዎቹ የፍሬን ሸራዎች ብዙዎቹ ግማሽ ያህል ክብደታቸው ይኸው ማዕድን ነበር።

ጠባዩ ግን ክፉ ነው። ሲሰበር ክሩ ዓይን ሊያየው ከሚችለው በታች ይደቃል፣ አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይሰካል። ሰውነት ሊያሟሟው አይችልም። ከ20፣ ከ30፣ አንዳንዴም ከ40 ዓመት በኋላ ሳንባው እየጠጠረ ትንፋሽ ያጥራል፤ ወይም የሳንባ ካንሰር ይመጣል፤ ወይም ሜሶቴልዮማ የሚባለው የሳንባ ሽፋን ካንሰር ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት አንዱም ዓይነት አስቤስቶስ ከካንሰር ነጻ አይደለም ይላል። በሥራ ቦታ በተነፈሱት አስቤስቶስ ሳቢያ በየዓመቱ ከ200,000 በላይ ሰዎች እንደሚሞቱም ይገምታል።

ሚዛን ለመጠበቅ ያህል፣ በዚህ በፍሬን ነገር ምሁራኑ ይከራከራሉ። በፍሬን ሙቀት አብዛኛው አስቤስቶስ ጠባዩን ለውጦ ሌላ ማዕድን ይሆናል፤ ስለዚህ ከታምቡሮ የሚራገፈው አሮጌ ዱቄት የተፈራውን ያህል ክር የለውም የሚሉ አሉ። ይሁን። አዲሱ ሸራ በግራይንደር ሲሞረድ ግን ክሩ ገና አልተቃጠለም፤ እንዳለ ነው የሚወጣው። ደግሞም ይህን ክርክር በየጉባኤው የሚከራከሩት አገሮች የፍሬን ዱቄትን በኮምፕሬሰር መንፋትን አስቀድመው በሕግ ከልክለው ነው። እነሱ በተከለከለ ነገር ላይ ይከራከራሉ፤ የእኛ ልጅ ክርክሩን ሳይሰማ ይነፋል።

በዚያ ካርቶን ውስጥ ያለው ሸራ አስቤስቶስ አለው ወይስ የለውም? ዓይን አይለየውም፣ አፍንጫም አይለየውም። ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ብቻ ነው የሚታወቀው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አስቤስቶስን ከገበያው አስወጥቷል። አሜሪካ ክሪሶታይል የተባለውን ዋነኛውን ዓይነት፣ የመኪና ፍሬን መለዋወጫን ጨምሮ፣ የሚያግድ ደንብ ያወጣችው በ2024 እ.ኤ.አ. ነው። ሩሲያ፣ ቻይናና ካዛክስታን ግን አሁንም ይቆፍሩታል። የተቆፈረ ነገር ደግሞ ገዢ ይፈልጋል።

«ካርቶኑ ላይ ‘ከአስቤስቶስ ነጻ’ ይላል እኮ» የሚለኝ አይጠፋም። አውስትራሊያም እንዲሁ ተብላ ነበር። አገሪቱ በ2003 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ አስቤስቶስን ፈጽሞ ከልክላለች። በ2012 ግን ከቻይና የገቡ ወደ 23,000 የሚጠጉ መኪኖች በሞተርና በጭስ ማውጫ ጋስኬታቸው ውስጥ አስቤስቶስ ተገኝቶ እንዲመለሱ ተጠሩ። ጽሑፍ ምርመራን አይተካም። ወረቀት አይተነፍስም፤ የሚተነፍሰው ሰው ነው።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ያ የጭነት መኪና በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ይደረግለታል። ፍሬኑ ይሞከራል፣ መብራቱ ይታያል፣ ካለፈ ቦሎ መስተዋቱ ላይ ይለጠፍለታል። ጥሩ ሥርዓት ነው፤ በጣርማበር ቁልቁለት ለሚወርድ ሁሉ ሕይወት ነው። መንግሥታችን ማለት ነው፣ የመኪናውን ፍሬን ለመመርመር ባለሙያ፣ መሣሪያና ወረቀት አለው። ፍሬኑን የሠራው ልጅ ሳንባ ግን ቦሎ የለውም። ያለፈውም የወደቀውም አይታወቅም። መኪናው ዓመት በመጣ ቁጥር ይታያል፤ ልጁ ካልወደቀ በቀር አይታይም።

እንቆጣጠር ያሉ አገሮች እንዴት አደረጉት? ሞንታና በምትባለው የአሜሪካ ግዛት ሊቢ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከ1920ዎቹ ጀምሮ እዚያ ቨርሚኩላይት የተባለ ማዕድን ይቆፈር ነበር። ቨርሚኩላይት እሳት ሲያገኘው ልክ እንደ ፈንዲሻ የሚፈነዳ፣ ቀላልና ሙቀት የማያሳልፍ ድንጋይ ነው። ለቤት ጣሪያ ውስጥ ሙሌትና ለአትክልት አፈር ይሆናል። ችግሩ የሊቢው ማዕድን ብቻውን አለመሆኑ ነበር፤ አብሮት አስቤስቶስ ከአንድ ዐለት ተወልዷል። ሠራተኛው አቧራውን በሥራ ልብሱ ይዞ ወደ ቤት ይገባል፣ ሚስት ታጥባለች፣ ልጅ ያቅፈዋል። ማዕድኑ በ1990 ተዘጋ። የሲያትል ጋዜጠኞች የሟቾቹን ነገር በኅዳር 1999 ሲያወጡት ነው አገር የተደናገጠው። በ2009 የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ በከተማዋ የጤና አስቸኳይ ጊዜ አወጀ፤ በታሪኩ የመጀመሪያው ነበር። በዚያው ዓመት ኩባንያውና ኃላፊዎቹ በወንጀል ተከሰው ነጻ ወጡ። ልብ በሉ፣ ሟቹ ሞቷል፣ ተከሳሹ ነጻ ወጥቷል። አቧራ በፍርድ ቤት ጥሩ ምስክር አይወጣውም።

እኔን የሳበኝ ግን ፍርዱ ሳይሆን ፍተሻው ነው። ከ1999 በኋላ ተቆጣጣሪዎቹ ሊቢ ላይ ብቻ አልቆሙም። «ይህ ድንጋይ ወዴት ሄደ?» ብለው ጠየቁ። የማጓጓዣ ደረሰኞችን አገላበጡ። ድንጋዩ በመላ አገሪቱ ከ200 በላይ ወደሚሆኑ ቦታዎች መላኩን አወቁ፤ ከነዚያ ውስጥ 28ቱን አስቀድመው መረመሩ። ብዙ የአገራችን ሰው በሚኖርባት በሚኒያፖሊስ ከተማ ውስጥ አንዱ ፋብሪካ የተረፈውን ድንጋይ ደጁ ላይ ከምሮ «ነጻ ነው፣ ውሰዱ» ይል ነበር። ጎረቤቱ ለጓሮው መደልደያ ወስዷል፣ ልጆች ክምሩ ላይ ተጫውተዋል። ፋብሪካው ከተዘጋ ከዓመታት በኋላ ተቆጣጣሪዎች በየቤቱ እያንኳኩ ጓሮ እየቆፈሩ አዩ፣ ያገኙትንም አነሱ።

ቁጥጥር ማለት ይኼ ነው። ሕንጻውን አይደለም የተከተሉት፣ ማዕድኑን ነው። ፋብሪካው ሲዘጋ ጉዳዩ አልተዘጋም፣ ምክንያቱም ክሩ አልተዘጋም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ቁጥጥር የራሱ ሥርዓት አለው። በቅድሚያ ደብዳቤ ይመጣል፤ «በቀን ይህን ያህል ስለምንመጣ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግልን»። ግቢው ይጠረጋል። የተቀደደ ቱታ ይሰወራል፣ ከመጋዘን አዳዲስ ቱታና የራስ ቁር ይወጣል። የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኑ ይፈለጋል፤ ቁልፉ የጠፋበት ሰው ይሰደባል። ተቆጣጣሪዎቹ ሲመጡ የእሳት ማጥፊያው መሰቀሉ ይታያል፣ ሽንት ቤቱ ይታያል፣ ፋይሉ ይታያል። ከዚያ ቡና። ከቡናው በኋላ «አበረታች ነው፤ መስተካከል ያለባቸው ጥቂት ነገሮች ቢኖሩም» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ትጻፍና ትፈረማለች። ይህን ያላየ ሠራተኛ ካለ እጁን ያውጣ።

ከዚህ ሁሉ ሥርዓት አንዱን ልነጥል፤ ውሃውን። እንግዳው ከመድረሱ በፊት ግቢው ላይ ውሃ ይረጫል። አቧራው እንዳይነሳ፣ የእንግዳው ጫማ እንዳይቆሽሽ፣ ሱፉ እንዳይነጣ። አሁን የሙያውን መጽሐፍ ብትገልጡ፣ አደገኛ አቧራን ለመከላከል የመጀመሪያውና ርካሹ ዘዴ ምን ይላችኋል? ማርጠብ። ውሃ ርጩበት፣ በደረቁ አትጥረጉ፣ በአየር አትንፉ። እንግዲህ መድኃኒቱን እናውቀዋለን ማለት ነው! ጀሪካኑም ውሃውም አለ። ሠራተኛው በዓመት አንድ ቀን ደህና አየር የሚተነፍሰው የቁጥጥሩ ዕለት ነው። ተቆጣጣሪው የሚያየው ያንን አንድ ቀን ነው፣ የሚጽፈውም ስለዚያ አንድ ቀን ነው። ሌላውን ሦስት መቶ ምናምን ቀን ልጁ ብቻውን ያየዋል።

ሕግ አጥተን ነው እንዳትሉኝ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ተቆጣጣሪው ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወደ ማናቸውም ቦታ እንዲገባ ይፈቅድለታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው በሥራ ሰዓት ሳይነግር ገብቶ እንዲያይ ሥልጣን ይሰጠዋል። ያው አዋጅ ከ15 ዓመት በታች መቅጠርን ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያለውን ወጣት ደግሞ ለጤናው አደገኛ በሆነ ሥራ ላይ አታሰማሩ ይላል። «ሳትነግር ግባ» ያለውን ሕግ «በቅድሚያ በደብዳቤ አሳውቅ» ያደረገችው ይሉኝታ ናት። ይሉኝታ ለቅሶ ቤት ጥሩ ናት፤ ጋራዥ ስትገባ ግን ሳንባ ታስበላለች።

ሁለተኛው በሽታችን ፋብሪካ ስንል ጭስ ማውጫ መፈለጋችን ነው። ተቆጣጣሪ የሚላከው አጥርና ዘበኛ ወዳለው ትልቅ ግቢ ነው። ይፋት ቆላ ላይ ግን ኢንዱስትሪው ያለው በሸራ ጥላ ሥር ነው። ታምቡሮ የሚነፋበት ጋራዥ፣ ብረት የሚቆረጥበት ቤት፣ ድንጋይ የሚፈጭበት ክሬሸር። ሦስት ሰው የሚሠራበት ቦታ በማንም ዝርዝር ውስጥ አይገባም፤ ሦስቱ ሰዎች ግን እንደ ሦስት ሺህዎቹ ሁሉ ይተነፍሳሉ። ከግብር ሰብሳቢው በቀር እንዲህ ያለውን ቤት በር የሚያንኳኳ የመንግሥት ሰው አላጋጠመኝም። ግብር ሰብሳቢው በሩን ካወቀው፣ ሌላው ለምን ጠፋው?

ሦስተኛው፣ አስቤስቶስ ሁልጊዜ በስሙ አለመምጣቱ ነው። እንደ ሊቢው ቨርሚኩላይት ሁሉ ታልክም አለ። ታልክ ጎሚስታው የጎማ ከመነዳሪ ላይ የሚነሰንሰው፣ እናት የሕፃን ገላ ላይ የምትነሰንሰው፣ የቀለምና የፕላስቲክ ፋብሪካ በከረጢት የሚገዛው ለስላሳ ነጭ ዱቄት ነው። አንዳንዱ የታልክ ክምችት አስቤስቶስ ከሚፈጠርበት ዐለት ጎን ለጎን ይገኛል። በእኛም አገር አዶላ አካባቢ ታልኩ ከሰርፔንቲን ዐለት ጋር ነው የሚገኘው፤ ክሪሶታይል ደግሞ የሰርፔንቲን ልጅ ነው። በዓለም የታወቀው የሕፃናት ፓውደር አምራች ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን «ዱቄቴ ንጹሕ ነው» እያለ ቢከራከርም፣ ከብዙ ሺህ ክስ በኋላ በ2023 እ.ኤ.አ. በመላው ዓለም ታልኩን ትቶ ወደ በቆሎ ስታርች ዞሯል። ስለዚህ ተቆጣጣሪ ፋብሪካ ሲገባ ከረጢቱን አይቶ «ምን ዱቄት ነው?» ማለቱ አይበቃም። «ከየትኛው ተራራ መጣ? ማን መረመረው?» ማለት አለበት።

ዘግይቶ መጠየቅ ምን እንደሚመስል በራሳችን አይተናል። በጉጂ ዞን የለገ ደንቢ የወርቅ ማዕድን አካባቢ ነዋሪዎች ልጆቻችን ጉዳት ይዘው እየተወለዱ ነው፣ ከብቶቻችን እያለቁ ነው ብለው ለዓመታት ጮኹ። ፈቃዱ የታገደው በግንቦት 2010 ዓ.ም. ነው፤ ያውም ሰው አደባባይ ከወጣ በኋላ። ሥራው በ2013 ዓ.ም. ቀጠለ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ የተደረጉት ጥናቶች ውጤት ለነዋሪው አልተገለጸም ብሎ ወቀሰ። ማዕድኑ ሌላ፣ መርዙ ሌላ ነው፤ አካሄዱ ግን የታወቀ ነው። በሰልፍ የተጀመረ ቁጥጥር በሰልፉ ያበቃል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

የአስቤስቶስ ጅብ ደግሞ ከሄደ ሠላሳ ዓመት ነው የሚሆነው። ልጁ ዛሬ አሥራ ስድስት ነው። ክሩ የሚጠይቀው ዘመን ሲደርስ አርባ ስድስት ይሆናል፤ የቤተሰብ አባወራ፣ ምናልባትም የራሱ ጋራዥ ባለቤት። ትንፋሽ ሲያጥረው ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈ የሳንባ ነቀርሳ ነው የሚፈለገው፤ ትክክል ነው፣ የአገሩ በሽታ ነው። አክታው ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ «ሲጋራ ታጨሳለህ?» ይባላል። «በልጅነትህ ምን ትሠራ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ካርዱ ላይ ቦታ የለውም። ስለዚህ አገሪቱ በአስቤስቶስ የሞተ ሰው የላትም። ስላልሞተ አይደለም፤ ስላልተጠየቀ ነው።

ትክክለኛ ጥያቄ ምን እንደሚያደርግ ማስረጃው እዚሁ አገራችን አለ። በደጋው በባዶ እግሩ የሚያርስ ገበሬ እግሩ ሲያብጥ ስንት ዘመን «የዘር ነው»፣ «እርግማን ነው» ተባለ። ኧርነስት ፕራይስ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም ግን ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠራ «ይህ ሰው የረገጠው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። በእሳተ ገሞራ ዐለት የተፈጠረው ቀይ አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች በእግር ቆዳ እየገቡ እንደሚያሳብጡ አሳየ፤ በሽታውንም ፖዶኮኒዮሲስ አለው። መከላከያው ጫማና እጥበት ሆነ። እርግማን የተባለው ነገር በጫማ ተፈታ! ለእግራችን የተጠየቀው ጥያቄ ለሳንባችንም ይጠየቅ ነው የምለው። «ምን ረገጠ?» ከተባለ «ምን ተነፈሰ?» ማለት ምን ያቅታል?

አሁን የሚነሳውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። «አንተ ሰውዬ፣ ይፋት ስንት ነገር አይታለች! በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ነደደች፣ በኅዳር 2014 ሸዋሮቢት ጦርነት ገባባት፣ ከ2015 ማብቂያ ወዲህም ክልሉ ሌላ ጦርነት ውስጥ ገብቷል። በጥይት ዘመን ስለ አቧራ ታወራለህ?» ተቃውሞው ከባድ ነው፣ አላቃልለውም። ግን ጥይትና አቧራ የሚለያዩት በፍጥነት ብቻ ነው። ሰላም ሲወርድ ጥይት ይቆማል፤ ዘንድሮ የተተነፈሰ ክር ግን ሰላም መውረዱን አይሰማም። ደግሞም ከጦርነት በኋላ የሚመጣው ሥራ ሁሉ አቧራ ነው። ፍርስራሽ ማንሳት፣ ድንጋይ መፍጨት፣ ግንብ መቁረጥ፣ የቆመ መኪና ማስነሳት። ከጥይት የተረፈን ልጅ ለአቧራ አሳልፎ መስጠት ምን የሚሉት ትርፍ ነው?

«ጋራዡ ከተዘጋ ልጁ ምን ይበላል?» የሚለውም ተገቢ ጥያቄ ነው። ጋራዥ ይዘጋ አላልኩም። ታምቡሮው ከመከፈቱ በፊት ይርጠብ፤ ዱቄቱ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግና በላስቲክ ይታሰር። ኮምፕሬሰሩ ጎማ ይንፋ፣ ታምቡሮ ግን አይንካ። ሸራ በደረቁ አይሞረድ። ቱታው እዚያው ይታጠብ እንጂ ወደ እናት ቤት አይሂድ። ይህ ሁሉ ከአንድ የፍሬን ሸራ ዋጋ አይበልጥም። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶች ዩኒቨርሲቲ ገብተው አይደለም።

ትልቁ ሥራ ግን የጋራዡ ሰው አይደለም። ሊቢን ያዩ ሰዎች ደረሰኝ ተከትለው ሄዱ ብያችኋለሁ። የእኛ ደረሰኝ ጉምሩክ ነው ያለው። አገሮች በጋራ በሚሠሩበት የታሪፍ መጽሐፍ የፍሬን ሸራ በቁጥር 68.13 ይመደባል፤ መጽሐፉ ደግሞ ይኸንኑ ሸራ አስቤስቶስ ያለው ከሆነ 6813.20 ብሎ ለብቻው ይነጥለዋል። ይህ ማለት ጥያቄው ዲክላራሲዮኑ ላይ ተጽፎ ተቀምጧል! በብረቱ ላይ ተለጥፎ የመጣ ሸራ ግን ከመኪና መለዋወጫ ጋር ተቆጥሮ ያመልጣል፤ ስለዚህ ወረቀቱ ብቻ አይበቃም፣ ከካርቶኑ ናሙና ቆንጥሮ ላቦራቶሪ መላክ ያስፈልጋል። አስመጪው ይታወቃል፣ ጅምላ ሻጩ ይታወቃል፣ ሱቁ ይታወቃል። ከጉምሩክ መጋዘን እስከ ጣርማበር ሥር ድረስ አንድ ሸራ ተከትሎ የሚወርድ ተቆጣጣሪ አንድ ሺህ ፋይል ከሚያገላብጠው ይበልጣል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኛ በሽታውን አልደበቅንም፤ አቧራውን ነው የደበቅነው፣ ያውም ለአንድ ቀን፣ ያውም ከተቆጣጣሪው። ውሃው አለ። ማን እንዲተነፍስ ብለን እንደምንረጨው ነው ያልተነጋገርነው።